ለአዳማ ነፋስ የሚሆን የአውሮፕላን እግር፦ ከባሌስትራው እስከ ኮፒሊያው

የአዳማን ነፋስ ለአዳማ ሰው ማስተዋወቅ አያስፈልግም። ከተማው ዳር ቆማችሁ ኮረብታውን እዩ። 51 ሜጋ ዋቱ አዳማ አንድ እና 153 ሜጋ ዋቱ አዳማ ሁለት የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች እዚያ የቆሙት ነፋሱ ስለሚያስተማምን ነው። በጓሮው ትንሽ አውሮፕላን ለሚሠራ ሰው ግን ይሄው ነፋስ ሌላ መልክ አለው። አውሮፕላኑ መሬት ሊነካ ሲል ጎኑን ይገፋዋል። ያንን ሁሉ ግፊት መጨረሻ ላይ የሚሸከመው እግሩ ነው።

እኔ ይህን እግር (ላንዲንግ ጊር) መሥራት ስጀምር የፈራሁት ከላይ ወደ ታች የሚመጣውን ምት ብቻ ነበር። የመጀመሪያው አክስሌ (ጎማው የሚዞርበት ዘንግ) ቁልቁል ሲጫን ምንም አልሆነም። በጎን ስስበው ግን ሚዛኑ 90 ኪሎ ሳይሞላ ዓይኔ እያየ ታጠፈ። ከዚያ ቀን ወዲህ እያንዳንዱን ብረት ሳነሳ «በጎን ብትመታስ?» ብዬ እጠይቃለሁ። ይህን መመሪያ ስታነቡም ጥያቄውን አብራችሁ ያዙልኝ።

ብረት ከመግዛታችሁ በፊት የኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣንን አነጋግሩ። ያለ ፈቃድ መብረር አይቻልም። ሥራው ካለቀ በኋላ ከመሯሯጥ ንድፉን ከጅምሩ ማሳየት ይሻላል። ስሌታችሁንም የሚያውቅ ሰው ይየው። አዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ያለበት ከተማ ውስጥ ሆኖ የሜካኒካል መሐንዲስ ማጣት አይቻልም።

መጀመሪያ ቁጥሩ

በምሳሌ እንሂድ። ሰውና ነዳጅ ጨምሮ 300 ኪሎ የሚመዝን፣ ክንፉ 12 ካሬ ሜትር የሆነ አውሮፕላን እንበል። ለዚህ ዓይነት ቀላል አውሮፕላን እግሩ ቢያንስ በሰከንድ 2.1 ሜትር የቁልቁለት ፍጥነት መቻል አለበት። የአሜሪካ የቀላል አውሮፕላኖች ደንብ ለዓመታት የሠራበት ዝቅተኛው ቁጥር ይሄ ነው። በዚህ ፍጥነት 300 ኪሎ ሲወርድ 660 ጁል ገደማ ጉልበት ይዞ ይመጣል። ያ ጉልበት የሆነ ቦታ መግባት አለበት። እግሩ ውስጥ ካልገባ ወገባችሁ ውስጥ ይገባል።

የሚደርሰው ኃይል ከክብደቱ ሦስት እጥፍ እንዳያልፍ ከፈለጋችሁ እግሩና ጎማው ተደምረው ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር መተጣጠፍ ይኖርባቸዋል። ብዙ ጀማሪ እግሩን ግትር አድርጎ ይሠራና «ጠንካራ ነው» ይላል። የማይታጠፍ እግር ግን ምቱን እንዳለ ለአካሉ ያስተላልፋል።

አሁን ደግሞ የእኛ ከፍታ ይምጣ። አዳማ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,600 ሜትር በላይ ነው። 28 ዲግሪ በሞቀበት ቀትር አየሩ የሚሳሳው 2,500 ሜትር ላይ ያለ ያህል ነው። የፍጥነት መለኪያው ያንኑ ቁጥር ያሳያችኋል። መሬት ላይ የምትሮጡት ግን 13 በመቶ ያህል ፈጥናችሁ ነው። ጉልበት ከፍጥነት ካሬ ጋር ስለሚሄድ ፍሬናችሁ የሚያቃጥለው ጉልበት በ28 በመቶ ገደማ ይጨምራል። መለኪያው በሰዓት 75 ኪሎ ሜትር እያለ ስታርፉ በባሕር ወለል 65 ኪሎ ጁል የሚሆነው እዚህ 83 ይሆናል። የውጭ አገር ንድፍ ገዝታችሁ የምትሠሩ ከሆነ ለፍሬኑ የተጻፈውን እንዳለ አትውሰዱት።

ትንሿ ጎማ ከፊት ወይስ ከኋላ?

ከኋላ ስትሆን እግሩ ቀላል ነው፣ ለሻካራ ሜዳም ይመቻል። ግን የስበት ማዕከሉ (የአውሮፕላኑ ክብደት ሚዛን የሚጠብቅበት ነጥብ) ከዋናዎቹ ጎማዎች ኋላ ስለሚሆን ጎን ነፋስ ሲያገኘው ጅራቱ ዞሮ ወደፊት መምጣት ይፈልጋል። ልምድ ያለው አብራሪ በእግሩ ይይዘዋል። ለአዳማና ለጀማሪ እኔ የምመርጠው ከፊት ያለውን ነው።

ከፊት ከሆነ ዋናዎቹ ጎማዎች ከስበት ማዕከሉ ትንሽ ኋላ ይቀመጣሉ። ከስበት ማዕከሉ ወደ መሬት ቀጥ ያለ መስመር አውርዱ። ከዚያው ከስበት ማዕከሉ ጎማው መሬት ወደሚነካበት የሚሄደው መስመር ከቀጥታው ጋር 15 ዲግሪ ገደማ ይሥራ። ማዕከሉ 80 ሴንቲ ሜትር ከፍ ካለ ጎማዎቹ 21 ሴንቲ ሜትር ኋላ ይሆናሉ ማለት ነው። የፊቷ ጎማ ከዋናዎቹ 1.6 ሜትር ብትርቅ 40 ኪሎ ያህል ትሸከማለች። ከጠቅላላው ክብደት ከ8 እስከ 15 በመቶ ባለው ውስጥ ናት፤ ደህና ነው። ከዚያ ካነሰ መሪው አይታዘዝም። ከበዛ ደግሞ ለመነሳት አፍንጫውን ማንሳት ይከብዳል።

በሁለቱ ዋና ጎማዎች መካከል ያለውን ስፋት አትሰስቱ። እኔ 1.9 ሜትር አድርጌዋለሁ። አጥብቦ የሠራ ሰው ነፋስ በመጣ ቁጥር ክንፉ መሬት እንዳይነካ ይሳቀቃል። ፕሮፔለሩም ከመሬት ቢያንስ 18 ሴንቲ ሜትር ይራቅ። ጅራቱ ላይ ጎማ ያለው ከሆነ 23። ይህም የሚለካው አውሮፕላኑ ሙሉ ጭነቱን ይዞ ነው።

ባሌስትራው

እግሩን በብዙ መንገድ መሥራት ይቻላል። የላስቲክ ገመድ አለ፣ ዘይትና ጋዝ ያለበት ሲሊንደር አለ። በጓሮ ለሚሠራ ሰው ግን ከብረት ባሌስትራ የሚሻል የለም። ሐሳቡ የአሜሪካዊው ስቲቭ ዊትማን ነው። የአውሮፕላን ፋብሪካው ሴስና መብቱን ወስዶ በ1946 እ.ኤ.አ. በወጣችው ሴስና 140 ላይ ገጠመው። የእኛው ከግራ ጎማ እስከ ቀኝ ጎማ አንድ የታጠፈ ዝርግ ብረት ነው፤ ሆዱ ሥር ይታሰራል።

እዚህ ላይ አዳማ ትጠቅመናለች። የጅቡቲ መንገድ ከባድ መኪኖች በብዛት በእኛ በኩል ያልፋሉ። ባሌስትራ የሚያጥፉና የሚያጠነክሩ ባለሙያዎችም ስለዚህ አይጠፉም። አዲስ ዝርግ የባሌስትራ ብረት ፈልጉ እንጂ ከመኪና የወለቀ አትግዙ። ያገለገለ ባሌስትራ ስንት ጉድጓድ እንደዘለለ አይታወቅም። መሃሉ ላይም ቀዳዳ አለው።

ቀዳዳውን በተመለከተ የሰማሁትን ልንገራችሁ። መሃሉን ለማሰር ቀላል ይሆንልኛል ብዬ አንድ አዛውንት ባለሙያ ጋ ሄድኩ። «ጋሼ፣ እዚህ ጋ ባለ 12 ይብሱልኝ» አልኳቸው። ብረቱን በመዳፋቸው ዳበሱት። «የኔ ልጅ፣ ባሌስትራ ሲሰበር አይተህ ታውቃለህ? ሁሌ በቀዳዳው ነው። እቀፈው እንጂ አትብሳው።» ትክክል ናቸው። በአካሉ ሥር ያለው ክፍል ከሁሉ በላይ የሚታጠፍ ኃይል የሚያርፍበት ነው። ስለዚህ ከላይና ከታች በወፍራም ላሜራ ታቅፎ፣ በመሃል ስስ ላስቲክ ገብቶ፣ በቡሎን ይጠበቅ። ብረቱ ራሱ አይበሳ።

ውፍረቱስ? በሦስት እጥፍ ጭነት እያንዳንዱ እግር 450 ኪሎ ያገኘዋል። ከታቀፈበት እስከ ጎማው 70 ሴንቲ ሜትር ከሆነ፣ 75 ሚሊ ሜትር ስፋትና 16 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ብረት 970 ሜጋ ፓስካል ያህል ውጥረት ይደርስበታል። በደንብ የጠነከረ የባሌስትራ ብረት ይህን ይችለዋል። ተራ የግንባታ ብረት ግን በፍጹም አይችለውም። ጫፉ ወደ 10 ሴንቲ ሜትር ይወርዳል። ጎማው የራሱን 4 ወይም 5 ሲጨምርበት ከላይ ያልኩት 15 ይሞላል። ወደ ጎማው ሲሄድ ስፋቱን ቀስ በቀስ ብታጠቡት ክብደት ይቀንሳል፣ መታጠፉም ይጨምራል። እነዚህ ቁጥሮች ለዚህ ምሳሌ ብቻ ናቸው። የእናንተን በራሳችሁ ክብደት አስሉ።

ቅደም ተከተሉን አታዛቡ። ብረቱ ለስላሳ እያለ ይታጠፋል። የአክስሉ ቀዳዳዎች ጫፉ ላይ የሚበሱትም ያኔ ነው፤ ጫፉ ላይ የሚታጠፍ ኃይል ትንሽ ስለሆነ እዚያ መብሳት አይጎዳም። ከዚያ ጠርዞቹ በሙሉ በሞረድ ይለዝባሉ። በመጨረሻ 850 ዲግሪ ገደማ ድረስ ግሎ ዘይት ውስጥ ይነከራል። ወዲያው ደግሞ ከ400 እስከ 480 ዲግሪ ባለው ሙቀት ተመልሶ ይሞቃል። ይህን ሁለተኛውን ማሞቅ የሚዘልል ባለሙያ ካጋጠማችሁ ብረታችሁን ይዛችሁ ውጡ። ያልተመለሰ ብረት እንደ ብርጭቆ ነው።

ከዚህ በኋላ ባሌስትራው አጠገብ የብየዳ እሳት አይምጣ። አንዲት ነጥብ ብየዳ እንኳ ጥንካሬውን ታጠፋለች፣ ስንጥቅም ትጀምራለች። ስታለሰልሱት ፍተጋው ከአካሉ ወደ ጎማው፣ በርዝመቱ ይሁን። በወርዱ የተጫረ ጭረት የስንጥቅ መንገድ ነው።

አክስልና ጎማ

የሞተር ሳይክል ጎማ ቀላል ነው፣ ያምራልም። ሽቦው ግን የተሠራው ሲዞር ወደ ጎን ለሚያዘነብል ተሽከርካሪ ነው። ሞተር ሳይክል ጎኑን አይመታም። ባጃጅ ግን ሳያዘነብል ነው የሚዞረው፤ ጎማው የጎን ግፊት የለመደ ነው። 4.00-8 የሆነው የባጃጅ ጎማ ለዚህ ክብደት ጥሩ ምርጫ ነው፣ አዳማ ውስጥም በየሱቁ አለ። የፊቱን ሞዞ (ኩሽኔታው የሚገባበትን የጎማ መሃል) ውሰዱ፤ በአንድ ጎኑ ብቻ የሚታሰር ስለሆነ ለእኛ ይመቻል።

ቸርኬው በሁለት ግማሽ ተከፍሎ በቡሎን የሚገጣጠም ነው። ቡሎኑን ከመፍታታችሁ በፊት ነፋሱን እስከ መጨረሻው አውጡ። ነፋስ እያለ የተፈታ ቸርኬ ይፈነዳል፣ ፊት ያጠፋል።

አክስሉን ከአሮጌ መኪና የኋላ ሻፍት ቶርኖ ቤት አስወጡት። የእኔ የመጀመሪያው የታጠፈው ከተራ ብረት ስለሠራሁት ነው። ሁለተኛው ስህተቴ ደግሞ ወፍራሙ ወደ ቀጭኑ በሚያልፍበት ቦታ ስለታም ጥግ መተዌ ነበር። እዚያ 3 ሚሊ ሜትር ያህል የተጠማዘዘ ማለስለሻ ይተውላችሁ። ለቶርኖ ባለሙያው በቃል ከምትነግሩት ስላችሁ ስጡት።

ቡሎን ስትገዙ ራሱ ላይ 8.8 ወይም 10.9 የሚል ምልክት ይኑር። ምልክት የሌለውን ለበር ተጠቀሙበት። አጠባበቁም በግምት አይሁን፤ በቶርክ መለኪያ ኪያቤ ነው። ለ8.8 ደረቅ ቡሎን፣ ባለ 6 ሚሊ ሜትሩ 10 ኒውተን ሜትር፣ ባለ 8ቱ 25፣ ባለ 10ሩ 49 ገደማ ነው። የሚዞር ነገር ላይ፣ እንደ አክስሉ ጫፍ፣ ውስጡ ፕላስቲክ ያለበት ዳዶ አይበቃም። ጥርስ ያለው ዳዶ አድርጉና በኮፒሊያ (ቀዳዳ ውስጥ ገብቶ ጫፉ በሚታጠፍ ሽቦ) ቆልፉት።

ባሌስትራው ከአካሉ ጋር የሚያያዝበትን ማዕቀፍ በክሮም ሞሊ (ክሮሚየምና ሞሊብዲነም ያለበት ጠንካራ ብረት) ቱቦ ሥሩ። የውሃ ቱቦ አትጠቀሙ። ጋልቫናይዙ ሲበየድ ጭሱ መርዝ ነው፣ ዚንኩም ብየዳውን ያበላሸዋል። ሌላም ነገር አስቡ። ከአቅም በላይ የሆነ ምት ሲመጣ መጀመሪያ መሰበር ያለበት ማሰሪያው ቡሎን ነው። እግሩ ወደ ኋላ ተነቅሎ ይሂድ። ከወንበራችሁ ሥር ያለውን ማዕቀፍ ይዞ መሄድ የለበትም። የነዳጅ ቱቦም በዚያ በኩል አታሳልፉ።

ጎማዎቹን ማቅናት

ይህን ለማድረግ የሚያስፈልገው ክር፣ ሜትር፣ አራት ቁራጭ ላሜራና ግራሶ ነው። ሁለቱን ላሜራ በግራሶ አጣብቁና በእያንዳንዱ ዋና ጎማ ሥር አድርጉ። ምክንያቱ ባሌስትራ ሲጫን ጎማዎቹ ወደ ውጭ ስለሚከፈቱ ነው። ሲሚንቶ ላይ ጎማው ይይዝና እውነተኛ ቦታውን አያሳያችሁም። ግራሶው ላይ ሲሆን አውሮፕላኑን ሁለት ሦስቴ ስትጫኑት ላሜራው ሸርተት ይላል፣ እግሩም የራሱን ቦታ ያገኛል።

የአብራሪውን ክብደት የሚያክል ነገር ወንበሩ ላይ ጫኑ። በሁለቱ ጎማዎች ፊት፣ በአክስሉ ከፍታ፣ በጠመኔ ነጥብ አድርጉ። በነጥቦቹ መካከል ያለውን ርቀት ለኩ። ከዚያ ነጥቦቹ ወደ ኋላ እስኪመጡ አውሮፕላኑን ግማሽ ዙር ግፉና ላሜራውን መልሳችሁ እንደገና ለኩ። እነዚያኑ ነጥቦች ስለምትለኩ ቸርኬው ትንሽ ጠማማ ቢሆን እንኳ አያሳስታችሁም።

ሁለቱ ቁጥሮች እኩል ይሁኑ። ማዘንበል ካለበት ፊታቸው ወደ ውጭ 1 ወይም 2 ሚሊ ሜትር ይክፈት። ወደ ውስጥ ከዞሩ አውሮፕላኑ በነፋስ ሲገፋ ክብደት የሚያርፍበት ጎማ መዞሩን ያባብሰዋል። ይህ ጅራቱ ላይ ጎማ ላለው በተለይ አደገኛ ነው። ማስተካከያው በአክስሉና በባሌስትራው መካከል የሚገባ፣ በአንድ ጎኑ ቀጭን የሆነ ላሜራ ነው።

ፍሬኑና የፊቷ ጎማ

ለግራና ለቀኝ ጎማ የተለያየ ፍሬን ይኑር፤ በነፋስ ቀጥ ብሎ ለመሄድ ይረዳል። የባጃጅ የዘይት ፍሬን ከሆነ የራሱን የመኪና የፍሬን ዘይት ብቻ አድርጉ። የአውሮፕላን ቀይ ዘይት ከገባበት ላስቲኮቹ አብጠው ይበላሻሉ።

የፊቷን ጎማ ጠንክራችሁ ሥሩ፣ ግን አትመኑባት። በትክክል ስታርፉ መጨረሻ ላይ መሬት የምትነካው እሷ ናት። የምትዞርበት ዘንግ ወደ ታች ቢቀጥል መሬቱን ጎማው ከሚነካበት ቀድሞ ይንካ። ያ ካልሆነ በፍጥነት ላይ መንቀጥቀጥ ትጀምራለች። ዘንጉ በእጅ ሲዞር ትንሽ እንቢ ማለት አለበት።

ከመሬት ሳትለቁ ሞክሩት

ሁለት ፈተና አለ። የመጀመሪያው መጣል ነው። እግሩን ከማዕቀፉ ጋር በሙሉ ክብደት የአሸዋ ጆንያ ጫኑበትና ከ24 ሴንቲ ሜትር ጣሉት። ከዚህ ከፍታ ሲወድቅ ፍጥነቱ በሰከንድ 2.1 ሜትርን ትንሽ ያልፋል። ወዲያው ከ24 አትጀምሩ። 5፣ 10፣ 15 እያላችሁ ውጡ። ጎማዎቹ ግራሶ ባለበት ላሜራ ላይ ይውደቁ። ሜትር ጎኑ አቁማችሁ በስልክ በዝግታ ቅረጹት። ፈተናው ካለቀ በኋላ የጎማዎቹ ርቀት ከበፊቱ ከሰፋ ባሌስትራው ለዘለቄታው ታጥፏል፤ አይሆንም።

ሁለተኛው ያ የእኔ አክስል የወደቀበት የጎን ፈተና ነው። ሁለቱ ጎማዎች ላይ 400 ኪሎ ጫኑ። አንዱን ጎማ ወደ ሆዱ በ150 ኪሎ፣ ሌላውን ወደ ውጭ በ100 ኪሎ ሳቡ። ሞተር ማውጫ ሰንሰለትና የተንጠልጣይ ሚዛን ይበቃል። ጭነቱ ሲነሳ ሁሉም ነገር ወደ ቦታው ይመለስ። በተመሳሳይ መንገድ የተሠራ ትርፍ አክስል ካላችሁ እሱን እስከ 225 ኪሎ ሳቡት። ሊታጠፍ ይችላል፣ መሰበር ግን የለበትም። ሰንሰለቱ በተወጠረበት መስመር ማንም አይቁም። ልጆችን ከግቢው አስወጡ።

እንክብካቤ

ሁሉም ቡሎን ከጠበቀ በኋላ ከዳዶው እስከ ብረቱ አንድ መስመር ቀይ የጥፍር ቀለም አስምሩ። ርካሽ ነው፣ አይለቅም። ዳዶው ቢላላ መስመሩ ይቆረጣል፤ ጎንበስ ብላችሁ በአንድ እይታ ታዩታላችሁ። በጎማውና በቸርኬው መካከልም እንዲሁ አስምሩ። ፍሬን ሲያዝ ጎማው ቸርኬው ላይ ከተንሸራተተ ካላማዳሪውን ይጎትትና ቫልቩን ይቆርጠዋል። መስመሩ ከተዛነፈ ነፋሱን አውጥታችሁ አስተካክሉ።

የስምጥ ሸለቆ አቧራ ለኩሽኔታ ጠላት ነው። በየ25 ሰዓቱ፣ በበጋ ደግሞ ከዚያ ቀድሞ፣ ጎማውን አውልቁ። ኩሽኔታውን በላምባ እጠቡና አድርቁት። ግራሶ በመዳፋችሁ ያዙና በኩሽኔታው ጠርዝ እየጫናችሁ በሌላው በኩል እስኪወጣ ሙሉት። ከላይ መቀባት መሙላት አይደለም። ስትገጥሙ ጎማው ትንሽ እስኪከብድ ዳዶውን አጥብቁ፣ ከዚያ እስከሚቀርበው የኮፒሊያ ቀዳዳ መልሱት። ጎማው በነፃ ይዙር፤ ከላይና ከታች ይዛችሁ ስትነቀንቁት ግን አይወዛወዝ። ያገለገለ ኮፒሊያ አትመልሱ።

ብየዳ ያለባቸውን ቦታዎች ነጭ ቀቧቸው። ስንጥቅ ነጭ ላይ እንደ ፀጉር ጥቁር ሆኖ ይታያል። ባሌስትራውን በዓመት አንድ ጊዜ በላምባ ፈትሹ። ቀለሙን አንሱ፣ በቤንዚን አጽዱ፣ ላምባ ቀብታችሁ ግማሽ ሰዓት ተዉት። ከዚያ በደረቅ ጨርቅ ጥርግ አድርጋችሁ የተፈጨ ጠመኔ ነስንሱበት። ስንጥቅ ካለ ውስጡ የገባው ላምባ ወደ ጠመኔው እየወጣ ቀጭን እርጥብ መስመር ይሠራል። መስመር ካያችሁ ያ ባሌስትራ አይጠገንም፤ ይጣላል።

ከባድ ማረፍ ከደረሰባችሁ እግሩን ብቻ አትዩ። ምቱ ወደ ላይ ይሄዳል። ቡሎኖቹ የገቡባቸው ቀዳዳዎች ሞላላ ሆነው እንደሆነ፣ የአካሉ ላሜራ ተጨማድዶ እንደሆነ፣ የክንፉ ማያያዣ ተነቃንቆ እንደሆነ ፈትሹ። የጎማዎቹንም ርቀት መጀመሪያ ከጻፋችሁት ጋር አስተያዩ። ለዚህ ሲባል ያ ቁጥር ማዕቀፉ ላይ በቀለም ይጻፍ፤ ደብተር ይጠፋል።

ሐምሌና ነሐሴ ሲመጣ የጎማ ሽፋን ካላችሁ አውልቁት። ጭቃ ውስጡ ይጠቀጠቅና ደርቆ ጎማውን ይይዘዋል። ክረምቱን የማይንቀሳቀስ ከሆነ ማዕቀፉን በክሪክ አንሱና እንጨት ላይ አሳርፉት። ጎማዎቹን በሸራ ከፀሐይ ጋርዱ፣ በየሁለት ሳምንቱም በእጅ ሩብ ዙር አዙሯቸው።